ሮም በአራት ቀን ከእናት ጋር፦ ኮሎሲየም፣ ቫቲካንና አበበ የጨረሰበት መንገድ

ጥያቄው፦ «በጥቅምት አጋማሽ እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ሮም ልሄድ ነው። ዓርብ ጠዋት እንገባለን፣ ሰኞ ማታ እንመለሳለን። ቪዛውም ሆቴሉም አልቋል። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ቀስ ብላ ግን ትሄዳለች። ያሰብነው ዓርብ ከአውሮፕላን እንደወረድን ኮሎሲየም፣ ቅዳሜ ከተማውን መዞር፣ እሑድ ደግሞ ቫቲካን ነው። ትኬት በር ላይ እንቆርጣለን፤ ካልሆነም ሮማ ፓስ ሁሉንም ያስገባል ብለውኛል። ከሁሉ በላይ እናቴ የምትጓጓው አበበ ቢቂላ ያሸነፈበትን ስታዲየምና የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ለማየት ነው። ይሆናል? ምን ልቀይር?»

ይሆናል፤ ግን የቀኖቹን ቅደም ተከተል ይገልብጡት። እንዳሰቡት ከሄዱ ዓርብ ኮሎሲየም ላይ «ለዛሬ ትኬት አልቋል» ትባላላችሁ፤ እሑድ ደግሞ የቫቲካን ሙዚየም ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ሮም ሰው የሚደክመው ቦታዎቹ ስለሚራራቁ አይደለም። መሀል ከተማው ትንሽ ነው። የሚያደክመው በሰልፍ መቆምና አንድን መንገድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው፤ ይህ ደግሞ ለታመመ ጉልበት ከእግር ጉዞ ይብሳል። ስለዚህ በቀን አንድ ብቻ ቀጠሮ ያለው ነገር ይያዙ፤ እሱንም ጠዋት ያድርጉት፤ ከሰዓት በኋላውን ያለ ቀጠሮ ይተዉት።

በመጀመሪያ ቫቲካን ሲባል ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች እንዳሉ ይወቁ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በየቀኑ ክፍት ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፉ የፍተሻ ነው። የቫቲካን ሙዚየምና በውስጡ ያለው የሲስቲን ጸሎት ቤት ግን ሌላ በር፣ ሌላ ትኬት አላቸው፤ በሩም ከአደባባዩ ቅጥሩን ዞሮ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሙዚየሙ እሑድ ዝግ ነው። የሚከፈተው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ነው፤ ያን ቀን በነጻ፣ በአውሮፓ ሰዓት ከ9:00 እስከ 14:00 ይከፈታል፣ ከ12:30 በኋላ አያስገባም። የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በእኛ ከጥቅምት አጋማሽ ብዙም ስለማይርቅ የእናንተ እሑድ እሱ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አይሂዱ። ለ25 ዩሮ ተብሎ እናትን በዚያ ቅጥር ሥር ለረጅም ሰዓት ማቆም አይገባም።

ትኬቶቹን አሁኑኑ ማሰብ አለብዎት። የቫቲካን ሙዚየም ትኬት በራሱ ድረ ገጽ ከጉብኝቱ 60 ቀን በፊት ይለቀቃል፤ 20 ዩሮ ነው፣ በኢንተርኔት ለማስያዝ 5 ዩሮ ይጨመራል። የኮሎሲየም 30 ቀን ሲቀረው ይለቀቃል። መደበኛው 18 ዩሮ ሲሆን ለ24 ሰዓት ያገለግላል፤ የጥንቷን ሮም አደባባይ ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል። 24 ዩሮው ግላዲያተሮቹ ይፋለሙበት የነበረውን ወለል ወይም ምድር ቤቱን ለማየት ነው። የምድር ቤቱ ትኬት እንደተለቀቀ ያልቃል፤ ደረጃም ስላለበት ለእናትዎ አይመከርም። የኮሎሲየም ትኬት በስም ነው፣ መግቢያው ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ የራስዎንም የእናትዎንም ስም ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል በተጻፈው ልክ፣ አንድ ፊደል ሳይቀይሩ ይሙሉ። የአያት ስም አንዱ ፓስፖርት ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ ያንኑ እንዳለ ይጻፉት። ዋጋው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ካገኙት የገቡበት ገጽ የሻጭ ገጽ እንጂ የራሱ የኮሎሲየም አይደለም።

ሮማ ፓስን በተመለከተ የነገሩዎት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የ72 ሰዓቱ ካርድ ሁለት ቦታ በነጻ ያስገባል፣ የከተማ ትራንስፖርትም ይሸፍናል። የቫቲካን ሙዚየም ግን አይገባበትም። ኮሎሲየምም ቢሆን ካርዱ ተይዞ የመግቢያ ሰዓት ለብቻው ካላስያዙ አያስገባም። ከኤርፖርት የሚያመጣውን ፈጣን ባቡርም አይከፍልም። እንደ እናንተ ሁለት ትልልቅ ቦታ ብቻ ለሚያይና ጥቂት ጊዜ ሜትሮ ለሚይዝ ሰው ገንዘቡን አይመልስም። አይግዙት።

አሁን ወደ እናትዎ ጥያቄ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው ስታዲየም ውስጥ አይደለም። በብዙ ሰው ልብ የቀረው፣ መስመሩን አልፎ ሣር ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሳ ሲያፍታታ የሚታይበት ፊልም የ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮው ኦሎምፒክ ነው፤ በዚያም ጫማ አድርጎ ነበር። ሮም ላይ ሩጫው መነሻውም መድረሻውም ከስታዲየም ውጭ ነበር፦ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተነስተው፣ በካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ በኩል ወደ ደቡብ ወጥተው፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመልሰው፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ጨረሱ። ወደ ኦሎምፒክ ስታዲየሙ ለመሄድ ታክሲ ቢይዙ ከተማውን አቋርጠው አበበ ያላሸነፈበትን ሜዳ አይተው ይመለሳሉ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ስለተጀመረ የአፒያን መንገድ ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። የክብር ዘበኛው አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው፣ አበበ ጥሎት የሄደው የአክሱም ሐውልት በቆመበት በፖርታ ካፔና አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ መድረሻው ያለው ርቀት አጭር ነበር። በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ፤ በጊዜው የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበር። ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ።

ስለዚህ እናትዎ የጠየቋቸው ሁለት ቦታዎች በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ጫፍና ጫፍ ላይ ናቸው፤ መሀላቸው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሜዳ ነው፤ የእግረኛ መንገድ አለው። የሚጀምሩት ከሜትሮ ቢ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ነው። ሲወጡ የሚያዩት ነጭ ትልቅ ሕንጻ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የተሠራው ግን ለፋሺስቱ መንግሥት የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር፤ ሐውልቱም በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ተነቅሎ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን ትመልሰዋለች ቢባልም ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያው ቆየ። በ2003 ተፈታ፣ በ2005 በሦስት ክፍል በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ዳግም ተተከለ። አሁን በቦታው ሐውልቱን የሚያስታውስ ትልቅ ነገር አይጠብቁ። የሚታዩት ሁለት የጥንት ሮማውያን ዓምዶች የኒውዮርኩ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት መታሰቢያ ናቸው። ይህን ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሐውልቱን ፍለጋ አደባባዩን እንዳይዞሩ።

ከአደባባዩ ወደ ሰሜን የሚሄደው ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። የቆስጠንጢኖስ ቅስት ከመንገዱ ጫፍ ፊት ለፊት ይታያል፤ ኮሎሲየም ከቅስቱ በስተቀኝ ብቅ ይላል። አበበም ይህን መንገድ የሮጠው ወደዚሁ አቅጣጫ ስለሆነ ከቅስቱ ተነስታችሁ ወደ ታች አትሂዱ፤ ከሐውልቱ ቦታ ወደ ቅስቱ ይሂዱ። በዚሁ መንገድ ግድግዳ ላይ በ2010 የድሉ 50ኛ ዓመት ሲከበር የተሰቀለ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ስለማያየው ግድግዳውን እያዩ ይሂዱ። በዚያው ዓመት የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነበር የገባው።

ቀኖቹን እንዲህ ያድርጉ። ዓርብ ሌሊቱን በአውሮፕላን ላደረ ሰው ቀጠሮ አይያዙለት። ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ተርሚኒ የሚያደርሰው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ሆቴሉ በጥንቱ የከተማ ቅጥር ውስጥ ከሆነ ነጩ ሕጋዊ ታክሲ የተወሰነ ዋጋ አለው፤ ለሁለት ሰውና ለሻንጣ በባቡር ሄዶ ከዚያ ሌላ ታክሲ ከመያዝ ብዙም አይበልጥም። ከእናት ጋር ታክሲው ይሻላል፤ ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት «የተወሰነው ዋጋ ነው አይደል?» ብለው ያረጋግጡ፤ አዳራሽ ውስጥ ጠጋ ብሎ «ታክሲ» የሚላችሁን አትከተሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተርሚኒ አካባቢ በእግር ዞር ማለት ይበቃል። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው፤ አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ሰዎች ናቸው። መታሰቢያቸው የሆነው ትንሽ የግብፅ ሐውልት እዚያው ቅርብ ባለ የአትክልት ቦታ ቆሟል። ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተዘርፎ የተቀመጠው በዚህ ሐውልት ሥር ነበር። ከጣቢያው አካባቢ የሀበሻ ምግብ ቤቶችም ስላሉ እናትዎ ዓርብን በጾም ምግብ ያሳልፋሉ።

በሌላ ምግብ ቤት ጾም ለመብላት ፒዛ ማሪናራ ይዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራው ስፓጌቲ አሊዮ ኤ ኦሊዮም ይሆናል። በወይራ ዘይት የተጠበሰው ቺኮሪያ የሚባለው ቅጠልም ጥሩ ነው። ሾርባና የባቄላ ወጥ ላይ ግን የአሳማ ስብ ሊኖር ስለሚችል «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ቡሮ» ብለው ይጠይቁ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ከቤት ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ ወይም ዶሮ ወጥ አይጫኑ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። በርበሬና ሽሮ ችግር የላቸውም።

ቅዳሜ ቫቲካን። የመጀመሪያውን ሰዓት፣ ትኬቱ ላይ 8:00 ተብሎ የሚጻፈውን፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ያስይዙ። በሜትሮ ኤ ኦታቪያኖ ወርዶ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። የሙዚየሙ ጉዞ ረጅም ነው፤ እናትዎ ለመቆም የሚቸገሩ ከሆነ ሙዚየሙ በነጻ የሚያውሰው ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ መግቢያው ላይ መታወቂያ አሲዘው ይጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ አያፍሩ። ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ድምፅም ዝቅ ይላል፤ በግድግዳው ዙሪያ መቀመጫ ስላለ ቁጭ ብለው ቀና ይበሉ። ጣሪያውን ሚካኤል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ሣለው፤ ከመሠዊያው በላይ ያለውን የፍርድ ቀን ሥዕል ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ነው የሠራው፤ የሁለቱ ስሜት የተለያየውም ስለዚህ ነው። ከጸሎት ቤቱ ወደ ባዚሊካው የሚያቋርጥ በር አለ፤ ግን በአስጎብኚ ለሚመጡ ቡድኖች ነው፤ በእሱ ተስፋ አድርገው ዕቅድ አይሥሩ።

ባዚሊካው ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ለእናትዎ በቂ ነው፤ እርስዎ ቁምጣ አይልበሱ። ወደ ጉልላቱ በእግር 551 ደረጃ ነው። አሳንሰሩ ጣሪያው ላይ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን 320 ደረጃ ይቀራል፤ የመጨረሻው ጠባብና ዘንበል ያለ ነው። እናትዎ እስከ ጣሪያው በአሳንሰር ይውጡ፤ ከዚያ ላይ አደባባዩ ጥሩ ሆኖ ይታያል። እርስዎ ጉልላቱን ከወጡ ወደ ኋላ፣ ወደ አትክልት ስፍራው ይመልከቱ፦ በቅጥሩ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። ከባዚሊካው ጀርባም የአቢሲንያውያን ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። በ1548 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ማተም የጀመሩት አባ ተስፋ ጽዮን የዚህ ማኅበር ሰው ነበሩ። ወደዚያ ለሁሉም ክፍት የሆነ መግቢያ የለም፤ ጠባቂዎቹን መለመን አያስፈልግም።

እሑድ ያ ዋናው ቀን ነው። ከኮሎሲየም በፊት የአበበን መንገድ ይሂዱ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቺርኮ ማሲሞ ይውረዱ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ቅስቱ ላይ ይረፉ፣ ለ9:00፣ በእኛ ለ3 ሰዓት፣ የተያዘውን የኮሎሲየም ትኬት ይጠቀሙ። የኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ከሆነ ሌሊት ላይ የአውሮፓ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስልክዎ ራሱ ያስተካክላል፣ የእጅ ሰዓት ግን አያስተካክልም። እሑዱ የወሩ የመጀመሪያ ከሆነ ደግሞ ኮሎሲየም በነጻ ስለሚከፈትና ቀጠሮ ስለማይያዝ ሰልፉ ከአቅም በላይ ነው፤ ያኔ ኮሎሲየምን ወደ ሰኞ ያዛውሩት። ውስጡ አሳንሰር አለ፤ ለመራመድ የሚቸገሩ ቅድሚያ ስላላቸው ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው። ትልቅ ሻንጣና የመስታወት ጠርሙስ አይገባም። ፎረሙ ውስጥ ያለው የጥንት ድንጋይ ንጣፍ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ነው። እናትዎ ከደከሙ ፎረሙን ይዝለሉት፤ ከላይ ከካምፒዶሊዮ ጀርባ ካለው መመልከቻ ሙሉው ይታያል፤ እሑድ መኪና ስለማይገባበት በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና መሀል ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። አበበ የተነሳበት ኮረብታም ያው ነው።

ሰኞ ለቀረው ነው። የትሬቪን ፏፏቴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካላዩት ከሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያዩት። የጥንቱ ቤተ መቅደስ ፓንቴዮን 5 ዩሮ ነው፤ በ126 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአፄ ሐድርያኖስ ዘመን የተሠራ ነው። የጉልላቱ ስፋትና ከወለል ያለው ከፍታ እኩል 43.3 ሜትር ሲሆን በላዩ የተከፈተው ቀዳዳ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲዘንብ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈሳል። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ከ250 ዩሮ ይጀምራል። እናትዎ ለማረፍ ቢፈልጉ ከአደባባዩ ዳር ያለ መቀመጫ ይፈልጉ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሜትሮና አውቶቡስ በባንክ ካርድ በመንካት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፦ የእርስዎን ሁለት ጊዜ ነክተው እናትዎን ማሳለፍ አይቻልም፤ ለእሳቸው ከትምባሆ ሱቅ የወረቀት ትኬት ይግዙ፤ አውቶቡስ ላይም ማኅተሙን ማስመታት አይርሱ። ኪስ አውላቂ የሚበዛው በሜትሮ ኤ ተርሚኒ ጣቢያና ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ነው፤ ፓስፖርቱን ልብስ ሥር ያድርጉት። እጅዎ ላይ ክር የሚያስር ወይም ጽጌረዳ የሚሰጥ ስጦታ እየሰጠ አይደለም፤ እጅዎን ኪስዎ ያስገቡ፣ ይለፉ። ውሃ አይግዙ፤ በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈሰው የብረት ቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ነው። ቡና ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋው ይለያያል፤ በታወቁ አደባባዮች ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ ከመቀመጥዎ በፊት ዝርዝሩን ያንብቡ። ሆቴሉ በመጨረሻ ለከተማው የሚከፈል ግብር ይጠይቃችኋል፦ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት፣ ባለ ሦስት ኮከብ 6 ዩሮ ያህል ነው። ሕጋዊ ነው፤ ማጭበርበር መስሏችሁ እንዳትጣሉ።

ስለዚህ ዛሬ ያለው ሥራ ይህ ነው፦ ከቅዳሜው 60 ቀን በፊት የቫቲካኑን፣ ከእሑዱ 30 ቀን በፊት የኮሎሲየሙን ትኬት ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉ፣ በተለቀቀበት ቀን ይግዙ። የቫቲካኑ የጠዋት ሰዓት ካለቀ የከሰዓት በኋላ መጨረሻውን ይውሰዱ፤ እኩለ ቀኑን አይውሰዱ፤ ሕዝቡ የሚፈስበት ያ ነው። ሁለቱንም ማግኘት ካልቻሉ ኮሎሲየምን ከውጭ ብቻ ይዩት፤ ቅስቱ፣ ሐውልቱ የነበረበት አደባባይና መንገዱ ትኬት አይጠይቁም።